የማን ፓምፕ ይቅደም? የሥራ ባልደረቦች የጋራ መርህ ስለሚያወጡበት መንገድ

አሶሳ ውስጥ ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የገባ ባለጉዳይ ተራው እስኪደርስ ግድግዳ ያነባል። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች የሚሉ ሰሌዳዎች አሉ። ከጎናቸው አሥራ ሁለቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ይሰቀላሉ። ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ሚስጥር መጠበቅ፣ ሐቀኝነት፣ ተጠያቂነት እያሉ አርአያ እስከ መሆን ይዘልቃሉ። አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ቢኬድ ያው ነው። እነዚህን ቃላት የሚቃወም ሠራተኛ አይገኝም፤ በጭቅጭቅ ቀን የማይረዱትም ለዚሁ ነው። ሁሉም ሳያስብ የሚስማማበት ቃል፣ ሁለት ሰዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ ለአንዳቸውም አይፈርድም።

ዝርዝሩን ረጋ ብሎ ላነበበው ማስረጃው እዚያው አለ። ግልጽነትና ሚስጥር መጠበቅ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ነገር ግን አንድ ሠራተኛ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ገብቶ «የደረጃ ዕድገቱን ያገኘው ባልደረባዬ ስንት ነጥብ አመጣ? ፋይሉን አሳዩኝ» ቢል፣ ክፍሉ የቱን ይያዝ? ፋይሉን ቢያሳይ ሚስጥር አወጣ፤ ቢከለክል ደበቀ። ሰሌዳው ሁለቱንም ያዛል፣ የትኛው መቼ እንደሚቀድም ግን አይናገርም። ይህን ስል አሥራ ሁለቱ መርሆዎች ከንቱ ናቸው ማለቴ አይደለም። የተጻፉት ለአገሪቱ የመንግሥት ሠራተኛ በሙሉ ነው፤ ለሁሉም የተጻፈ ነገር የአንድን ክፍል የሰኞ ጠዋት ችግር ሊያውቅ አይችልም። የሰኞውን ችግር የሚያውቀው ክፍሉ ራሱ ነው፣ ስለዚህ የሰኞውን መርህ ማውጣት ያለበትም እሱ ነው።

የቡድን መርህ የምለው አንድ ነገር ነው። አለቃው በሌለበት፣ ኔትወርክ በጠፋበት፣ ለመመካከር ጊዜ በማይገኝበት ሰዓት ባልደረቦች ተመሳሳይ ውሳኔ እንዲወስኑ አስቀድመው የተስማሙበት አጭር ቃል። ጥሩ መሆኑን ለመፈተን ተቃራኒውን ማሰብ ይበቃል። «በቅንነት እናገለግላለን» የሚለውን ብንገለብጠው «በክፋት እናገለግላለን» ይሆናል፤ ይህን የሚመርጥ ጤነኛ መሥሪያ ቤት ስለሌለ የመጀመሪያውም ምርጫ አልነበረም። «ባለጉዳይ ከስብሰባ ይቀድማል» የሚለውን ብንገለብጠው ግን «ስብሰባ ከባለጉዳይ ይቀድማል» ይሆናል፤ ይህን የሚከተሉ ብዙ መሥሪያ ቤቶች አሉ፣ የራሳቸውም ምክንያት አላቸው። እንግዲህ ይኼኛው መርህ ነው፣ አንዱን ይዞ ሌላውን ይለቃልና።

የአገራችን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከላይ የሚመጣ ለውጥ አላጡም። መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ መጣ፣ ቢፒአር እያልን ለመድነው። የውጤት ተኮር ምዘናው ቢኤስሲ መጣ፣ የዜጎች ቻርተር መጣ፣ አንድ ለአምስት መጣ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሞ የጃፓኑን አሠራር «አምስቱ ማዎች» ብሎ አስተማረ፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ከእነዚህ ሁሉ ለቡድን መርህ የሚቀርበው ካይዘን ይመስለኛል። ሌሎቹ ከራዕይ ሲነሡ እሱ ከመጋዘን መደርደሪያ ይነሣል። ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ማዎች በአንድ ሳምንት ዘመቻ ሲያልቁ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ዓመታት ይፈጃሉ፤ ብዙ ቦታ የዕቃ ቦታ የሚለየው ቀለም ወለል ላይ ቀርቶ ልማዱ የጠፋውም በዚህ ነው።

አሁን ወደ አንድ ምሳሌ እንግባ። ከአሶሳ ዙሪያ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ፣ በመንጌም ይሁን በሆሞሻ ወይም በባምባሲ፣ አንድ የውኃ ጽሕፈት ቤት አለ እንበል። ኃላፊ፣ ሁለት የጥገና ቴክኒሻኖች፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ሾፌር። መኪናዋ አንዲት ፒካፕ ናት፣ ነዳጁ በኮታ ነው። ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ የገጠሩ መንገድ የዓመቱን ግማሽ ያህል በጭቃ ይያዛል። ሥራቸው በቀበሌዎቹ ያሉ የእጅ ፓምፖችን መጠገን ነው። አፍሪዴቭ የሚባለው ፓምፕ የጎማ ክፍሎቹ ሲያልቁ ወይም ዘንጉ ሲላቀቅ ውኃ መሳብ ያቆማል፤ ዕቃው በእጅ ካለ ጥገናው ረጅም አይደለም። ረጅሙ መድረሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። አንደኛው ቀበሌ ፓምፑ ከተበላሸ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ የውኃ ኮሚቴው ደጋግሞ ደውሏል፤ ሆኖም ግማሽ ሰዓት ቢኬድ ሌላ ፓምፕ አለ። ሁለተኛው የተበላሸው ትናንት ነው፤ ትምህርት ቤቱም ጤና ኬላውም የሚቀዱት ከዚያችው ከአንዲቷ ነው፤ ከዚያ ሌላ ያለው ወንዝ ብቻ ነው። ሦስተኛውን ከወረዳው አስተዳደር አንድ ሰው ለኃላፊው በግል ስልክ ደውሎ ነው ያነሣው። አንዱ ቴክኒሻን «ቀድሞ ያመለከተ ይቀድማል፣ ሰው ሁለት ሳምንት ጠብቆናል» ይላል። ሌላው «ልጆች ወንዝ ሊጠጡ ነው» ይላል። ኃላፊው ሁለቱንም ይሰማል፣ ልቡ ግን ስልኩ ላይ ነው። ማን ተሳሳተ? ማንም አልተሳሳተም። ሦስቱም ግድግዳው ላይ ያለውን «አለማዳላት» እየጠቀሱ ሊከራከሩ ይችላሉ።

መርህ የሚወጣው ከእንዲህ ያለው ሰኞ ነው። ባልደረቦች ተሰብስበው «እሴቶቻችን ምን ይሁኑ?» ተብለው ሲጠየቁ የሚመጣው መልስ ከሰሌዳው የተቀዳ ነው፤ ሰው በስብሰባ ላይ የሚያምር ቃል ሲጠየቅ የሚያምር ቃል ይሰጣል። «ባለፈው ዓመት ምን ላይ ተጣላን? ምን ላይ አኩርፈን ወደ ቤታችን ሄድን?» ተብለው ሲጠየቁ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። አበል፣ የመኪና ስምሪት፣ ቅዳሜ የሚመጣ ስልክ፣ ያለ ንብረት ማውጫ ቅጽ (ሞዴል 22) የወጣ ዕቃ፣ ለለቅሶ የሄደ ባልደረባ የተወው ሥራ። ጥያቄው የሰው ስም እንዳይነሣበት ቀድሞ መነገር አለበት፤ ነገሩ ይነገር፣ አድራጊው ይቅር። ያን ጊዜ የተከመረው ነገር ብዙ ይመስላል፣ ሲደረደር ግን ሦስትና አራት ዓይነት ጠብ ነው ተመላልሶ የሚመጣው።

ወደ ፓምፑ እንመለስ። የመጀመሪያው ረቂቅ ዘወትር «ፍትሐዊ አገልግሎት እንሰጣለን» የሚል ይሆናል፤ በተቃራኒው ፈተና ይወድቃል፣ ይጣላል። ቀጥሎ የሚመጣው «ቀድሞ ያመለከተ ቀድሞ ይጠገንለታል» የሚለው ነው። ይህ እውነተኛ መርህ ነው፣ ግልጽም ነው፣ ለመዝገብም ይመቻል። ችግሩ የሚታየው ትንሽ ቆይቶ ነው። ቀድሞ የሚያመለክተው ኔትወርክ ያለው፣ መንገድ ዳር የሠፈረ፣ ጽሕፈት ቤቱን የሚያውቅ ቀበሌ ነው። ከኮረብታው ጀርባ ያለው፣ ስልክ ለመደወል ዛፍ ሥር ኔትወርክ የሚፈልገው ቀበሌ ሁልጊዜ ኋላ ይቀራል። አድልዎው ከሰው ልብ ወጥቶ ከወረፋው ውስጥ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ረቂቅ ይጻፋል፦

«ሌላ የውኃ አማራጭ የሌለው ይቀድማል። እኩል ከሆኑ ቀድሞ ያመለከተው። ይህን ተራ ለመለወጥ የሚመጣ ጥያቄ፣ ከማንም ይምጣ፣ ከጠያቂው ስም ጋር በስምሪት መዝገቡ ላይ ይጻፋል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ ይሏል። የበላይ አካልን ጥያቄ አትከለክልም። የሚከለክል ቃል ብትሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ትፈርስ ነበር፣ የወረዳ ኃላፊ አስተዳዳሪውን እምቢ ብሎ ወንበሩ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ጥቂት ነውና። የምታደርገው መጻፍ ብቻ ነው። ኃላፊው ስልኩን ሲያነሣ «እሺ፣ ይቻላል፤ እንደ አሠራራችን ስምዎን መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ» ማለት ይችላል። ከዚህ በኋላ አንዳንዱ ደዋይ «ተወው፣ ተራው ሲደርስ ይሁን» ይላል። ያልተወም ካለ የሚጠየቅበት ነገር ተቀመጠ። ሰዎች ደፋር እንዲሆኑ የሚጠይቅ መርህ ደፋር ሰው ሲዛወር አብሮት ይዛወራል፤ ተራው ሰው ያለ ድፍረት ሊፈጽመው የሚችል መርህ ግን ይቆያል።

ይህ መርህ ዋጋም ያስከፍላል። መንገድ ዳር ያለው ቀበሌ ሦስት ሳምንት ሊጠብቅ ይችላል፣ ይናደዳል፣ ለወረዳው ይከሳል። ባልደረቦቹ መርሁን ሲያወጡ ይህን ቅሬታ ማን ተቀብሎ እንደሚያስረዳ አብረው ካልወሰኑ፣ የሚያስረዳው ሾፌሩ ይሆናል፤ ሁልጊዜ መንገድ ላይ የሚያዘው እሱ ነው።

በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በሌላ ሥራ ላይ ያለ የቆየ ምሳሌ አለ። ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞች በሸርቆሌ፣ በባምባሲ፣ በጾሬ፣ በቶንጎ መጠለያዎች ለዓመታት ኖረዋል፤ ሸርቆሌ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሣ በኋላም በኩርሙክ በኩል ብዙ ሰው ገብቷል። የእርዳታ ሠራተኞች የሚመሩባቸው ሰብዓዊነት፣ አለማዳላትና ገለልተኝነት በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ 46/182 የጸደቁት በ1984 ዓ.ም. ነው፤ ነጻነት የሚለው አራተኛው ከ12 ዓመት በኋላ ተጨመረ። እዚያ አለማዳላት ማለት ለሁሉም እኩል መስጠት አይደለም፤ በችግሩ መጠን ብቻ መለካት ነው፣ የማንም ወገን ይሁን። ይህ ቃል ይመርጣል፣ ስለዚህም ያጣላል። ከመጠለያው አጥር ውጭ ያለው ነዋሪ «የእኔስ ልጅ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የእርዳታ ድርጅቶች የውኃ መስመርና ጤና ጣቢያ ሲሠሩ የአካባቢውን ሕዝብ አብረው እንዲያዩ ያደረገው ይኸው ጥያቄ ነው። መርሁ በመፈተኑ አልፈረሰም፣ ሰፋ እንጂ።

መርህ ማውጫው ስብሰባ ላይ ማን እንደሚናገር ከይዘቱ እኩል ያሳስባል፤ በዚህ ክልል ደግሞ ይበልጥ። በ1995 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሔረሰቦች ብሎ ይጠራል፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አገውና ሌላውም በክልሉ ይኖራል፤ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት አንዳንዶች ሐሳባቸውን በተወለዱበት ቋንቋ ሲናገሩ ሌሎቹ በትምህርት ቤት በተማሩት ይናገራሉ። አማርኛ የሚፈስለት ሰው ሐሳቡ ጠንካራ ይመስላል፤ የሚከብደው ሰው ዝም ይላል፣ ዝምታውም በቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ተብሎ ይጻፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ሁለት ሁለት እየሆኑ በፈለጉት ቋንቋ ይነጋገሩ፣ ከዚያ አንዱ የሁለቱን ሐሳብ በአማርኛ ያቅርብ። ሐሳቡ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ይህም ለዓይን አፋሩ ጥላ ነው።

ኃላፊው መጨረሻ ይናገር። የእኛ አገር ወግ ለትልቅ ሰው ቅድሚያ ይሰጣል፤ በማዕድ ላይ ያማረ ወግ ነው፣ በእንዲህ ያለ ስብሰባ ግን አለቃው ከተናገረ በኋላ የሚመጣው ሁሉ «እንደተባለው» ብሎ የሚጀምር ነው። ሾፌሩ ይጀምር። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይጀምሩልን» ሲባል «ኧረ ልጆቼ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ መኪና ነው የምነዳው» ይል ይሆናል። ትንሽ ከተጠበቀ ግን «ዓርብ ዓርብ ለምን ወደ ገበያው በሚወስደው በአንድ መንገድ ብቻ እንደምንወጣ ጠይቃችሁኝ አታውቁም» ይላል። ጥገናው ለምን ወደ ገበያው አቅጣጫ እንደሚያዘነብል በዚህች ዓረፍተ ነገር ይገለጣል፤ ከሪፖርት ላይ ግን በፍጹም አይገኝም።

ጾምና ጸሎትም ከመርህ ጉዳይ ይገባሉ። በአሶሳ ዙሪያ ሙስሊሙ ብዙ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ክርስቲያንም አብሮ ይሠራል። በረመዳን የመስክ ጉዞ ንጋት ላይ ተነሥቶ ከቀትር በፊት ቢጠናቀቅ፣ የዓርብ ስብሰባ ጁምዓን ባይነካ፣ ከመስክ ሲመለሱ ለጾመኛው የሚሆን ምግብ ያለበት ቦታ ቢቆም፣ ሁሉም ትንንሽ ነገሮች ናቸው። በየጊዜው በይሉኝታ ከሚለመኑ አንዴ ተጽፈው ቢቀመጡ ይሻላል።

ከዚህ የሚከብደው የደኅንነት ጉዳይ ነው። በ2012ና በ2013 ዓ.ም. በመተከል የደረሰው ግድያና መፈናቀል፣ በካማሺም የነበረው ግጭት፣ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የተዘጋባቸው ወራት፣ በየመሥሪያ ቤቱ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎችን ነክቷል። የአንዱ ቤተሰብ ተፈናቅሏል፣ የሌላው ወገን በጅምላ ተወንጅሏል። የአምስት ሰዎች ስምምነት ይህን አይጠግንም፤ ይጠግናል የሚል ካለ አያምኑት። ግን አንድ ነገር ማድረግ ይችላል፦ «ወደ አንድ ቀበሌ መሄድ ያሠጋው ባልደረባ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ሳይገደድ ይቀራል፤ ተተኪውን ኃላፊው ይመድባል፤ የቀረውም በምላሹ የቢሮውን ሥራ ይሸፍናል።» ይህ መርህ ባይኖር ያ ሰው ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረው፤ ፈርቶ መሄድ ወይም በባልደረቦቹ ፊት ስለ ብሔሩ ማውራት። «ሊያጭበረብሩበት ይችላሉ» የሚል ይኖራል። ይችላሉ። በዓመት አንድ ሁለት ሰው ሰበብ ቢያደርገው፣ አንድ ሰው በማይሆን መንገድ ላይ ከሚቀር ይሻላል ብሎ መወሰን ራሱ የመርሁ ልብ ነው።

ተጥሶ ሲገኝስ? እዚህ ላይ ዕድር ያስተምራል። በቢሮው ሰሌዳ የሚቀልድ ሠራተኛ ቅዳሜ ዕድሩ ላይ በሰዓቱ ይገኛል፣ ካልተገኘም ቅጣቱን ሳያጉረመርም ይከፍላል። የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ አባላቱ ራሳቸው ተከራክረው አውጥተውታል፤ ደንቡ የሚናገረው ስለ ድንኳንና ስለ ቀብር ነው፣ ስለ ልዕልና አይደለም፤ ቅጣቱ ትንሽ ነው፣ ግን ዳኛውንም ገንዘብ ያዡንም አያልፍም። መሥሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው ይሠራል፤ ቅጣቱን ከባድ አድርጎ ጽፎ ለማንም አይፈጽመውም። ሺናሻዎች ነገር የሚያዩበት ሥርዓትም ደረጃ አለው፤ ከታችኛው ቡራ ተነሥቶ ወደ ላይ እየከበደ እስከ ፋላ ይደርሳል፤ ከታች ሊያልቅ የሚችል ነገር ወደ ላይ አይወጣም። ለቡድንም ይህ ይሠራል። መርህ የሳተን ባልደረባ መጀመሪያ ያየው ሰው ብቻውን ይንገረው፤ ከደገመው በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ይነሣ፤ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚሄደው ሕግ የተጣሰበት ብቻ ይሁን። ማርፈድን ሁሉ ወደ ጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የሚያሮጥ ክፍል መርሁን የአለቃው አርጩሜ ያደርገዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚያነሣው አይኖርም።

ብዛቱን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። አምስት ይበቃል፣ ሰባት ይበዛል፣ አሥራ ሁለት ሰሌዳ ነው። ሾፌሩ መሪ ይዞ ሊያስታውሰው ካልቻለ ረዝሟል። አጻጻፉም ባልደረቦቹ እንደሚናገሩት ይሁን፤ «ተገልጋይ ተኮር» ማለት «ባለጉዳይ ቆሞ ሻይ አንጠጣም» ከማለት አይበልጥም።

መርሆዎቹ እንደገና የሚታዩበት ጊዜም ተቆርጦ ይታወቅ። ለውኃው ቡድን ተገቢው ወቅት ሚያዝያ ነው፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፤ ሁለተኛው ኅዳር፣ መንገዱ ሲደርቅና የክረምቱ መዝገብ ሲገለጥ። በመዝገቡ ላይ ተራው ስንት ጊዜ እንደተለወጠ፣ በማን ስም እንደተለወጠ ይነበባል። አንድ መርህ በስድስት ወር አንዴም ካልተነሣ ወይ ሁሉም ለምዶታል ወይ ማንም አያምንበትም፤ የቱ እንደሆነ ባልደረቦቹ ያውቃሉ፣ መሰረዝ ካለበት ይሰረዝ።

ትልቁ ፈተና የሚመጣው ኃላፊው ሲዛወር ነው። በወረዳ ደረጃ ይህ ሩቅ አይደለም። አዲሱ ኃላፊ መርሆዎቹ የተጻፉበትን ወረቀት ሲያይ የቀድሞው ሰው ንብረት ይመስለዋል፣ ብዙ ጊዜም የራሱን ይዞ መጥቷል። ስለዚህ በርክክቡ ቀን ከማኅተሙና ከመኪናው ቁልፍ ጋር የስምሪት መዝገቡም ይቅረብለት፤ ቴክኒሻኖቹ ከመዝገቡ ላይ ሁለትና ሦስት ገጽ ገልጠው ተራው እንዴት እንደተወሰነ፣ የት ላይ እንደተቸገሩ ያሳዩት። አንድ ክረምት ሳይለውጠው እንዲሠራበት ይጠይቁት። በኅዳር ስብሰባ ላይ ግን ማሻሻያ ይዞ የመጣ እንደሆነ ይከራከሩለት፣ ካሳመናቸውም ይለውጡት፤ እሱም እንደሌላው ሁሉ ከሾፌሩ በኋላ ይናገር።